ዊንዶውስ 10 ዘመኑ ያለፈበት ላፕቶፕ ምን ይጫንበት? የክራክ፣ የዊንዶውስ 11 እና የሊኑክስ ንጽጽር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ያወጣው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በዚያ ቀን የጠፋ ኮምፒውተር የለም፤ ላፕቶፑ ከዚያም በኋላ እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ፊልም ይታይበታል። ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ ለሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ፣ ኋላ ከማነሣው የማራዘሚያ መርሐ ግብር ውጭ፣ መድፈኛ የሚያቀርብ አለመኖሩ ነው። ጉዳዩ የአገራችንን ተጠቃሚ በተለይ የሚነካው በላፕቶፕ ገበያችን ምክንያት ነው። ከዱባይና ከሌሎች አገሮች ተሰብስበው መጥተው አዲስ አበባ ውስጥ በየሱቁ ከሚሸጡት ያገለገሉ ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች መካከል ፕሮሰሰራቸው 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) የሆኑት በርካታ ናቸው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉትን ነው። አካሉ ጠንካራ፣ ራሙ 8 ጊጋባይት የሆነና ገና ብዙ ሊያገለግል የሚችል ዕቃ በወረቀት ላይ ጡረታ ወጥቷል ማለት ነው።

የዚህ ላፕቶፕ ባለቤት ያለው ምርጫ በጥቅሉ አራት ነው፦ ባለበት መቀጠል፣ ዊንዶውስ 11ን በደንቡ ወይም በማስገደድ መጫን፣ ሱቅ ወስዶ ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ ሳይገዛ መቆለፊያው የተሰበረ) ዊንዶውስ ማስጫን፣ ወይም ሊኑክስ ወደሚባለው፣ በዊንዶውስ ቦታ ወደሚጫን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መዞር። ብዙዎች እነዚህን የሚያወዳድሩት በፍጥነትና በመልክ ነው። እኔ የማስቀድመው መለኪያ ሌላ ነው፤ ነገ በኮምፒውተሩ ላይ የሚሆነውን የሚወስነው ማን ነው፣ ዋጋውስ በምን ይከፈላል የሚለውን ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ከአራቱ የከፋው አብዛኞቻችን መርጠነው ሳይሆን ተጭኖ ስላገኘነው ብቻ የምንጠቀምበት ክራክ ነው። ዊንዶውስን በፈቃድ የሚጠቀም ሰው ነፃነቱን በከፊል ሰጥቶ በምላሹ ጥበቃ ያገኛል፤ ሊኑክስን የሚጠቀም ሰው ጊዜውን ሰጥቶ ነፃነት ያገኛል፤ ክራክ የሚጠቀም ሰው ግን ሁለቱንም ሰጥቶ ያገኘው የገንዘብ ቁጠባ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እንደምናየው ብዙ ጊዜ ቁጠባ አይደለም።

ክራክ፦ ሱቅ ውስጥ የሚሆነው

ሱቅ ወስደን «ፎርማት አድርግልኝ» ስንል የሚሆነውን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ባለሙያው ፍላሹን ይሰካል፤ ዊንዶውሱን ይጭናል፤ ከዚያም ወደ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ገብቶ የቫይረስ መከላከያውን ማብሪያዎች አንድ በአንድ ያጠፋል። ይህን የሚያደርገው ቀጥሎ የሚከፍተውን አክቲቬተር (ዊንዶውሱን ፈቃድ ያለው የሚያስመስለውን ፕሮግራም) መከላከያው ይዞ ስለሚያግድበት ነው። አክቲቬተሩ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይከፈታል፣ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ሥራው አለቀ ይባላል። በዚያች ቅጽበት ፕሮግራሙ ሌላ ምን እንደ ሠራ ባለሙያውም አያውቅም፤ ፋይሉን ያወረደው ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ነው፣ ያም ቻናል ከሌላ ወስዶት ይሆናል። መከላከያው ተመልሶ ሲበራ እንኳ አክቲቬተሩ ያለበት ፎልደር «እንዳይመረመር» ተብሎ ተመዝግቦ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ እዚያ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ማንኛውም ነገር ከዚያ በኋላ ጠያቂ የለውም።

የራስዎን ላፕቶፕ ሁኔታ ለማወቅ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው አክቲቬሽን የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። ዊንዶውሱ በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት እንደ ሆነ ከተጻፈ፣ ብዙውን ጊዜ ደግ ነው። «በድርጅትዎ የአክቲቬሽን አገልግሎት» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካገኙና ላፕቶፑ የግልዎ ከሆነ ግን፣ የተባለው ድርጅት የለም። ኬኤምኤስ የሚባለውን ይህን አሠራር ማይክሮሶፍት ያዘጋጀው ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ነው፤ ኮምፒውተሮቹ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር እየተገናኙ ለ180 ቀን የሚያገለግል ማረጋገጫ በየጊዜው ያድሳሉ። ክራኩ ይህንን ሰርቨር አስመስሎ እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ይተክላል፣ ወይም ላፕቶፑን ባለቤቱ ከማይታወቅ የውጭ ሰርቨር ጋር ያገናኘዋል።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ደግሞ ክራኩ ብዙ ጊዜ አላስፈላጊ መሆኑ ነው። ዊንዶውስ 10 በፋብሪካ ተጭኖባቸው የወጡ ላፕቶፖች የላይሰንስ ቁልፋቸው ማዘርቦርዳቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል። አንድ የውጭ አገር መሥሪያ ቤት ተጠቅሞበት የሸጠው ቲንክፓድ የዊንዶውስ ፕሮ ቁልፉን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ሱቁ ግን ፍላሹ ላይ ያለው ሌላ ዕትም ስለሆነ እሱን ይጭንና ሕጋዊውን ላፕቶፕ ሕገወጥ አድርጎ ያስረክባል። ስለዚህ ለማንም ከመክፈልዎ በፊት፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በቀጥታ የወረደውንና ላፕቶፑ ይዞት ከመጣው ዕትም ጋር አንድ የሆነውን ዊንዶውስ ጭነው ከኢንተርኔት ጋር ያገናኙት። ቁልፉ ካለ ራሱን አክቲቬት ያደርጋል።

ሁለተኛው የክራክ ጣጣ አፕዴት ነው። «ዳታ ይበላል» ወይም «ክራኩን ያፈርሰዋል» በሚል አፕዴቱ እንዲዘጋ ይደረጋል። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው የፋይል አጋች ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር፤ የተጎዱትም በዋነኛነት ያልጫኑት ናቸው። ዳታ የሚያሳስብዎ ከሆነ አፕዴቱን መዝጋት ሳይሆን፣ የዋይፋዩን ግንኙነት ክፍያው በፍጆታ የሚሰላ እንደ ሆነ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ዊንዶውስ ያን ጊዜ አብዛኛውን ትልልቅ አፕዴት ሳይጠይቅ አያወርድም።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ላንሳ፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል አስቀምጦታል። እኔን ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ክራክ «ከኩባንያዎቹ ቀንበር የማምለጫ መንገድ» ተደርጎ መታየቱ ነው። ቢል ጌትስ በ1998 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ስለ ቻይና ገበያ ተጠይቆ ሲመልስ፣ ሰዎቹ ሶፍትዌር መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ቢሰርቁ እንመርጣለን፣ ሱስ ይሆንባቸዋል፣ ክፍያውንም ወደፊት የምንሰበስብበትን መንገድ እናገኛለን የሚል ሐሳብ ሰንዝሮ ነበር። ዛሬ ተማሪው በክራክ ዎርድ ይማራል፣ ሲመረቅ ሌላ አያውቅም፣ መሥሪያ ቤት ሲገባም መሥሪያ ቤቱ በዶላር ይከፍላል። ከዚህ የበለጠ የታመነ ደንበኛ ከየት ይገኛል?

ባለበት መቀጠልና ዊንዶውስ 11

ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የዊንዶውስ 10ን የደኅንነት አፕዴት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያራዝም መርሐ ግብር አዘጋጅቷል። መመዝገቢያው 30 ዶላር፣ ወይም 1,000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ፣ ወይም ደግሞ ያለ ክፍያ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ወደ ኩባንያው ሰርቨር ማስቀመጥ ነው። የመጨረሻው «ያለ ክፍያ» የተባለው ዋጋ በምን እንደሚከፈል ጥሩ ማሳያ ነው። ያም ሆኖ ጊዜ መግዣ ለሚፈልግ ሰው የማይናቅ ነው፤ መፍትሔ ግን አይደለም።

ላፕቶፑ 8ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነና ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል ካለው፣ ፈቃድ ካለው ዊንዶውስ 10 ወደ 11 መሸጋገር ገንዘብ አይጠይቅም። ፈቃድ ለሌለው የሆም ዕትም አሜሪካ ውስጥ በይፋ የሚሸጥበት ዋጋ 139 ዶላር ነው። ኩባንያው በዝቅተኛነት ያስቀመጠው 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ቢሆንም፣ በ4 ጊጋባይት መሥራት ትዕግሥት መፈተን ነው፤ 8 ጊጋባይትና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የማከማቻ ዓይነት) ከሌለ አይሞከር እላለሁ። ለማይመጥኑ ላፕቶፖች ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ፍተሻውን ዘሎ መጫን ይቻላል፤ ይሠራልም። ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አልገባም፤ ስለዚህ ሽሽቱ ወደ ተጀመረበት ቦታ ሊመለስ ይችላል።

ዊንዶውስ 11 ሆም ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ይህ ብዙዎች እንደሚያስቡት የይለፍ ቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዳዲሶቹ ዕትሞች በአካውንት ሲገቡ ዲስኩን በራሳቸው ይቆልፉታል፤ መክፈቻ ቁልፉም አካውንቱ ውስጥ ይቀመጣል። ላፕቶፕ ለተሰረቀበት ሰው ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው። ሱቅ ውስጥ በባለሙያው ኢሜይል አካውንት ተከፍቶለት ለተረከበ ሰው ግን አደጋ ነው፤ አንድ ቀን ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ሲጠይቀው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ መክፈቻ የሌላ ሰው ኢሜይል ውስጥ ይሆናል። አካውንት የግድ ከሆነ በራስዎ ስልክና ኢሜይል ይክፈቱት፤ ቁልፉንም ወረቀት ላይ ገልብጠው ያስቀምጡ።

ስለ ማክ ብዙ የምለው የለኝም፤ ያገለገለ የኢንቴል ማክቡክ ሊገዛ ለሚያስብ ሰው አፕል በ2025 እ.ኤ.አ. ያወጣው ታሆ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኢንቴል ማኮችን የሚቀበል የመጨረሻው ዕትም መሆኑን ማወቅ በቂ ነው። የጎግል ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሆነው ክሮም ኦኤስ ፍሌክስም ለአሮጌ ላፕቶፕ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ነገር ግን የጎግል አካውንትና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ላለው ሰው የተሠራ ነው፤ ሁለተኛው እኛ ዘንድ ያለውን ነገር ሁላችንም እናውቃለን።

ሊኑክስ፦ ምን ያተርፋል፣ ምን ያስከፍላል

ፕሮግራመሩ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ሥራ ሲያውጅ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ የፕሪንተር ጉዳይ ነበር፤ በኤምአይቲ ቤተ ሙከራ የነበረው የዜሮክስ ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝበት ለተጠቃሚዎች እንዲያሳውቅ ፕሮግራሙን ለማሻሻል ቢፈልግም ምንጭ ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) የሚሰጠው አላገኘም። ከዚያ የወጣው ሐሳብ ተጠቃሚው አራት መብቶች ይኑሩት የሚል ነው፦ ፕሮግራሙን ለፈለገው ዓላማ መጠቀም፣ አሠራሩን መርምሮ መለወጥ፣ ቅጂውን ማካፈል፣ ያሻሻለውንም ማካፈል። በ1991 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሲጨመርበት ዛሬ ሊኑክስ የምንለው ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሆነ። ለተራ ተጠቃሚ ከአራቱ መብቶች በየቀኑ የሚታየው ሦስተኛው ነው፤ አንድ ፍላሽ ላይ ያወረዱትን ለጎረቤት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመላው ቢሮ መስጠት ሕጋዊ ነው። ምንጭ ኮዱን አነብባለሁ የሚል ከመቶ አንድ ሰው ባይገኝም፣ ሌሎች ሊያነቡት መቻላቸው ባለቤቱ ነኝ የሚል ኩባንያ እንዳሻው እንዳያደርገው ያግደዋል።

ከዓይነቶቹ መካከል ለጀማሪ ሁለቱን ብቻ አቀርባለሁ። ኡቡንቱ የደቡብ አፍሪካው ማርክ ሻትልወርዝ ካቋቋመው ካኖኒካል በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ሊኑክስ ሚንት ደግሞ በኡቡንቱ ላይ ተመሥርቶ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው እንዲመች የተዘጋጀ ነው። እኔ የምመክረው ሚንትን ነው፤ ከታች በግራ ያለው ሜኑ፣ ከታች የሚሰለፉት መስኮቶች፣ የፋይል ማውጫው፣ ሁሉም ከለመድነው ብዙ አይርቁም። የ22 ተከታታይ ዕትሞቹ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. አፕዴት ያገኛሉ፤ ዝቅተኛው 2 ጊጋባይት ራም ሲሆን በ4 ጊጋባይት ያለ ጭንቀት ይሠራል፤ ለደከመ ላፕቶፕ ኤክስኤፍሲኢ የሚለው ዕትም ይሻላል። ማውረጃው 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ የዊንዶውስ 11 ከ5 ጊጋባይት ይበልጣል። አፕዴቱም መቼ ይውረድ የሚለው የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ ሥራ መሀል አስነሥቶ «እስኪያልቅ አታጥፋ» አይልም።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ግን እኛን በተለይ የሚጠቅም ነጥብ ልጨምር። ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ሁሉም ፎልደር ወደ ሾርትከት ተለውጦበት ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ያ ቫይረስ የሚሠራው ለዊንዶውስ ነው። ያንኑ ፍላሽ ሚንት ላይ ሲሰኩት ሾርትከቶቹ እንደ ተራ ፋይል ተደርድረው ይታያሉ፣ ቫይረሱ የደበቃቸው እውነተኛ ፎልደሮችም አጠገባቸው ያለ ምንም ድካም ይታያሉ፤ የማይፈለገውን አጥፍቶ የሚፈለገውን መቅዳት ብቻ ነው። በዊንዶውስ ከሚሠሩ ጓደኞቼ መካከል ሚንት ያለበትን ፍላሽ ለዚህ ብቻ የሚያስቀምጡ አሉ።

የሚያስከፍለውም አለ። አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች፣ በተለይ የብሮድኮም ሥሪቶች፣ ሲጫን ወዲያው አይሠሩም፤ ሾፌሩን (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ሾፌሩ ያስፈልጋል። መውጫው ስልክን በኬብል ሰክቶ የዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ማካፈያ) ማብራት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያለ ሾፌር ይቀበላል። የጣት አሻራ ማንበቢያዎች በብዙ ላፕቶፖች ላይ አይሠሩም። የኤችፒ ፕሪንተሮች በአብዛኛው ያለ ችግር ይታወቃሉ፤ አንዳንድ የካኖን ሌዘር ፕሪንተሮች ግን ሾፌር ፍለጋ ያስሮጣሉ። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ደግሞ ችግር ሲፈጠር ሰፈር ያለው ባለሙያ «ይህን አላውቀውም፣ ዊንዶውስ ልጫንልህ» ማለቱ ነው። ይህ እውነተኛ ዋጋ ነው፤ አቅልሎ የሚያሳይ የሊኑክስ ወዳጅ አይታመን።

ሥራዎ ምንድን ነው?

አብዛኛውን ምርጫ የሚወስነው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሳይሆን እንጀራ የሚበላበት ፕሮግራም ነው። የሒሳብ ባለሙያ ከሆኑና ደንበኛዎ በፒችትሪ የሚሠራ ከሆነ፣ ዊንዶውስን አይልቀቁ፤ ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፣ ለመረጃው ደኅንነትም በሊኑክስ ላይ አስመስሎ ማስኬዱን አልመክርም። አውቶካድና ኢታብስ ለሚጠቀም መሐንዲስም እንዲሁ። ፎቶሾፕና ፕሪሚየርም ሊኑክስ ላይ የሉም፤ ጊምፕ ለፎቶ ማስተካከል ይበቃል፣ ለማተሚያ ቤት ባለሙያ ግን አይበቃም። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ኬደንላይቭ አለ፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭም የሊኑክስ ዕትም አለው፤ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ግን ይጠይቃል።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጉዳይ መሀል ላይ ነው። የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙን ኤስፒኤስኤስን በክራክ ከመጠቀም ፒኤስፒፒ፣ ጃስፕ ወይም አር ብዙውን ሥራ ይሠራሉ፤ ዋቢ ለማደራጀትም ዞቴሮ በሁሉም ላይ ይሠራል። አስቸጋሪው አማካሪው ነው። አማካሪው በዎርድ የኅዳግ አስተያየት እየጻፈ የሚልክ ከሆነ ሊብሬኦፊስ ይከፍተዋል፣ አስተያየቱንም ያሳያል፤ ሠንጠረዡና የገጽ አከፋፈሉ ግን አልፎ አልፎ ይዛባል። ለመጨረሻው ማስረከቢያ አንድ ቀን የጓደኛን ኮምፒውተር መዋስ ያስፈልግ ይሆናል።

ለኢንተርኔት፣ ለኢሜይል፣ ለቴሌግራም፣ ለዩቲዩብ፣ ለደብዳቤና ለፕሮግራሚንግ ትምህርት ብቻ የሚፈለግ ላፕቶፕ ግን በክራክ የሚያሳድርበት ምክንያት አይታየኝም። አብዛኛው የቤተሰብ ላፕቶፕ ደግሞ ይኸው ነው።

መሥሪያ ቤት ሙሉ በሙሉ ቢዞርስ? የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምራ ወደ ሊኑክስ ዞራ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ እንድትመለስ ወሰነ። እዚያው ጀርመን የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግዛት ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. 30,000 ያህል ኮምፒውተሮችን ከማይክሮሶፍት ለማላቀቅ ወስኖ የጀመረው በሊብሬኦፊስ ነው። የሁለተኛው ቅደም ተከተል ለግለሰብም የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ፋይሉ አስቀድሞ ነፃ ካልወጣ ኮምፒውተሩን መለወጥ ትርፉ ድካም ነው።

የፋይል ነገርና አማርኛችን

በዚህ ጉዳይ እኛ ከማንም በላይ ትምህርት አግኝተናል። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በቆየው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ያስታውሱ፤ «ለክቡር ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ቦታ ላይ የላቲን ፊደላት፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍና ጥያቄ ምልክት ተደባልቀው ይሰለፋሉ። ፋይሉ አልተበላሸም። እነዚያ ፎንቶች የተሠሩት በላቲን ፊደላት ቦታ የግዕዝን ፊደል ሥዕል በማስቀመጥ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ አማርኛ መሆኑን ከቶም አላወቀም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) 3.0 ዕትም ውስጥ ቢገባም፣ መሥሪያ ቤቶች ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በአሮጌው መንገድ ጽፈዋል። ዛሬ በየመዝገብ ቤቱ ሃርድ ዲስክ ላይ ያ ሁሉ ደብዳቤ በፍለጋ አይገኝም፣ ወደ ስልክ ሲላክ አይነበብም። ያሰረን የትኛውም የውጭ ኩባንያ አልነበረም፤ የፋይል አጻጻፍ ምርጫ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢመርጡ፣ አሁን ፎንቱ በእጅዎ እያለ አሮጌ ሰነዶችዎን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ይለውጡ።

ሊኑክስ ላይ አማርኛ መጻፍ አይቻልም የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። አይባስ በተባለው የጽሑፍ ማስገቢያ ላይ የኤም17ኤን ጥቅል ሲጨመር አማርኛ ሴራ የሚል ምርጫ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛው ሰሌዳ በድምፅ ሲጻፍ selam «ሰላም» ሆኖ ይወጣል። ኪማን በተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም የለመደ ሰውም የሊኑክሱን ኪማን መጫን ይችላል፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በአንድሮይድም ያው ነው፣ ክፍያ የለውም። ለፎንት አቢሲኒካና ኖቶ አሉ። ማሰብ ያለብዎ አንድ ነገር ነው፦ በዊንዶውስ ኒያላ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ሚንት ላይ ሲከፈት ፎንቱ በሌላ ይተካል፣ ገጾቹም ይሸጋሸጋሉ። ማስተካከያ የማያስፈልገውን በፒዲኤፍ መላላክ ከዚህ ያድናል። ሊብሬኦፊስ ሜኑውን ሁሉ በአማርኛ ማሳየት የሚችል መሆኑን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ወላጆቹን ኮምፒውተር ለሚያስተምር ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

በኪራይ የሚያዘው ሶፍትዌር ሌላው ጉዳይ ነው። አዶቢ በ2013 እ.ኤ.አ. ዋና ዋና ፕሮግራሞቹን አንድ ጊዜ ገዝቶ መያዝን ትቶ ወደ ወርኃዊ ክፍያ ዞሯል፤ ማይክሮሶፍት 365 ለአንድ ሰው በዓመት 99.99 ዶላር ነው፤ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከ69.99 ዶላር ያደገ ዋጋ ነው። አገር ቤት ያለ ሰው የዶላር ካርድ ስለማያገኝ ውጭ ያለ ዘመድ ይከፍልለታል። ዘመዱ ካርዱን የቀየረ ዕለት ሶፍትዌሩ ፋይል ያሳያል እንጂ አያስተካክልም። መጽሐፍም ቢሆን በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ አማዞን በ2009 እ.ኤ.አ. የመሸጫ መብት የሌለው አካል የሸጣቸውን መጻሕፍት ከገዢዎች ኪንድል ላይ በርቀት አጥፍቷል፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የተገዛን መጽሐፍ ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በኬብል የማዛወሩን አማራጭ ዘግቷል። ውጭ ላሉ ወገኖች የምመክረው በየዓመቱ የሚከፍሉትን ከማደስ ይልቅ ለቤተሰብ ላፕቶፕ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ገዝተው መላክን ነው፤ እሱን ማንም በርቀት አይዘጋውም።

ከየት ይጀመር?

ቸኩሎ ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም። ባለው ዊንዶውስ ላይ ፋየርፎክስን፣ ሊብሬኦፊስንና ቪኤልሲን ጭነው ለአንድ ወር ያህል በእነሱ ብቻ ይሥሩ፤ ሦስቱም ሚንት ላይ ያው ስለሆኑ የሚጎድልብዎ ነገር ካለ ከወዲሁ ይታወቃል። ከዚያ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ሚንትን በሩፈስ ወይም ቬንቶይ በተባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም አዘጋጅተው ላፕቶፑን ከፍላሹ ያስነሡ። ሳይጫን ይሠራል፤ ሃርድ ዲስኩንም አይነካም። በዚህ ሁኔታ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውንና ፕሪንተሩን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ፍላሽ ስለሆነ ዘገም ማለቱ አያስደንግጥዎ።

ከወደዱት ከመጫንዎ በፊት ሰነዶችዎን ወደ ውጭ ዲስክ ይቅዱ፤ የላፕቶፑ ዲስክ በቢትሎከር (በዊንዶውሱ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ መሆን አለመሆኑንም ዊንዶውሱ ውስጥ ገብተው ያረጋግጡና መክፈቻ ቁልፉን ይያዙ። ፒችትሪ ወይም አውቶካድ የግድ ለሚያስፈልገው ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን መጫን ይቻላል፤ ላፕቶፑ ሲበራ የትኛው ይነሣ ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ዊንዶውስ 10ን ለዚያ ፕሮግራም ብቻ፣ ከኢንተርኔት ሳያገናኙ፣ የማይታወቅ ፍላሽም ሳይሰኩበት ይጠቀሙበት፤ ኢሜይሉ፣ ባንኩና ቴሌግራሙ ሚንት ላይ ይሁኑ። ዲስኩ 256 ጊጋባይት ከሆነ ለሚንት 60 ጊጋባይት መስጠት ለመጀመሪያ ይበቃል።